ውሃው የት ሄደ?

የምኖርባት ከተማ ስም አላት፤ ስሟን መናገሩ ግን ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። በመሀሏ ትልቅ ወንዝ ያልፋል። ከወንዙ ወዲህ መኖሪያ ቤቶቹ፣ ከወንዙ ወዲያ ገበያው ነበር። ድልድይ ስላልነበረ ሰው የሚሻገረው በታንኳ ነው።

እኔ የምሠራው በጥያቄ መዝገብ ቤት ነበር። አሥራ አራት ዓመት በአንድ መስኮት ተቀምጬ ጥያቄ ተቀብያለሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ማንኛውም ነዋሪ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውን ግን ከነመልሱ ማቅረብ አለበት። መልስ ያልተያያዘበት ጥያቄ አይመዘገብም። ደንቡን ያወጡት የመልስ ሹሙ አቶ ተድባበ ናቸው። ምክንያታቸውንም ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ በትዕግሥት ያስረዱ ነበር።

«መልስ የሌለው ጥያቄ ባለቤት እንደሌለው ውሻ ነው» ይላሉ። «ከተማ ውስጥ ከተለቀቀ ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም።»

አንድ መምህር «ሦስት ሲደመር አራት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከነመልሱ አምጥቶ ማህተም አድርጌለት ደስ ብሎት ሄዷል። አንዲት እናት ደግሞ ልጇ አራት ዓመት ሞልቷት ለምን እንደማትናገር ልትጠይቅ መጣች። መልሱን አልያዘችም። ሳልመዘግብላት መለስኳት። እንዲህ እንዲህ እያለ የሚመጣው ሰው በየዓመቱ አነሰ። በአሥራ አራተኛው ዓመት መዝገቡ ላይ የሰፈሩት ዘጠኝ ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ፤ ስድስቱ የመምህሩ ናቸው። አቶ ተድባበ ይህን ከተማዋ ሁሉንም ነገር አውቃ ለመጨረሷ ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ምክር ቤቱም ካባ ሸለማቸው።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ በበረታበት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንዙ ጎደለ። ረቡዕ ጉልበት አይደርስም ነበር። ሐሙስ ዓሣዎቹ ድንጋይ ላይ ሲፈራገጡ ሰዉ በቅርጫት ለቀማቸው። ዓርብ ወንዙ ደረቀ። ዝናቡ ግን አላቆመም፤ ዓሣውን የለቀምነው ጃንጥላ ይዘን ነው።

ቅዳሜ ምክር ቤቱ ተሰበሰበና ወንዙ የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። የመሸኛ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ከበሮ ተመታ፤ የምስጋና ደብዳቤም ለድንጋዮቹ ተነበበላቸው። ከዚያ ወንዙ የለቀቀው መሬት ለነዋሪው ተከፋፈለ። መሬቱ ለም ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለገበያውም ቅርብ ነው። በሃያ ቀን ውስጥ ከመቶ በላይ ቤት ቆመበት። የእኛም መሥሪያ ቤት መስኮቱን ነቅሎ ወደዚያው ተዛወረ።

ቦታ ከደረሳቸው አንዷ ታናሽ እህቴ ስንዱ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሁለት ወር አራስ ልጇን ይዛ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ነበር የምትኖረው። ቤቷን ያቆመላት ጓዴ የሚባል አናጢ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲሠራ ሚስማሩን በከንፈሩ የሚይዝ ሰው። እሱም ከሚስቱ ከእናኑ ጋር ጎኗ ቤት ሠርቶ ገባ። ስንዱ የገባች ዕለት በባዶው ክፍል መሀል ቆማ እጇን ዘርግታ ዞረች። «አየኸው ወንድም ጋሼ? እጄ ግድግዳ አይነካም» አለችኝ።

እትዬ አንጓች የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ አንጓች ሰውን በታንኳ ስታሻግር ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ክንዷ እንደ ወንድ የጠነከረ ሴት ነበረች። ወንዙ ሲደርቅ ታንኳዋን ከዳርቻው ላይ አጋድማ ተወችው። መቅዘፊያዋን ግን አልተወችም፤ እንደ ምርኩዝ ይዛው ትሄዳለች። መስኮቴ ላይ አስደገፈችና «ጥያቄ አለኝ» አለች።

«ይናገሩ እትዬ።»

«ውሃው የት ሄደ?»

ብዕሬን አነሳሁ። «መልሱን ይዘውታል?»

«መልሱን ብይዘው እዚህ ምን አመጣኝ?»

«እንግዲያው መመዝገብ አልችልም። መልሱን ሲያገኙ ይምጡ።»

አላመረረችም። በማግስቱ ግን መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። በአራተኛው ቀን ዝናቡ ልብሷን ከገላዋ ጋር አጣብቆት ነበር።

«ፈንታ ልጄ» አለችኝ፣ «እስቲ ወደ ላይ እይ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነው።»

«ሐምሌን ሙሉ ዘንቧል። አምናም በዚህ ልክ ዘንቦ ወንዙ ከዳር ዳር ሞልቶ ነበር። ዘንድሮ ሰማዩ የሚያወርደውን መሬቱ የት አደረገው?»

«እትዬ፣ ወንዙ ጡረታ ወጥቷል እኮ። ደብዳቤው ሲነበብ አልነበሩም?»

«ነበርኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ቤቱ ይገባል። የወንዙ ቤት ይሄ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ነው። ታዲያ እሱ የት ገባ?»

መስኮቱን ዘጋሁባት። ማታ ስንዱ ዘንድ ሄጄ ሕፃኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ጓዴ ከጎረቤት እንጨት ላይ መላጊያውን ይስባል፤ እኔ ወለሉን አያለሁ። ወለሉ ላይ ያሉት ድንጋዮች ክብ ክብና ለስላሳ ነበሩ። ስንት ዘመን ውሃ እንዲህ እንዳለሰለሳቸው አሰብኩ። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ተድባበ ክፍል ገባሁ። ካባቸውን ለብሰው ደብዳቤ ይፈርማሉ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ውሃው የት ሄደ?»

ብዕራቸው ቆመ። ተነሥተው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። «ይህ ጥያቄ ከነመልሱ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ።»

«ሌላ ሰው ሰምቶሃል?»

«የለም። የጠየቀችው አሻጋሪዋ ናት፤ እኔ ግን…»

«እሷ ሥራዋን ስላጣች ነው። አንተን ምን ነካህ? ታመህ ነው?» አሉ፤ በእውነት የተጨነቁልኝ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ደንቡን ገለጡ። ጥያቄ ያመለጠው ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ መልሱን ፈልጎ ካላቀረበ ይሰናበታል ይላል። በደንቡ ታሪክ ይህ አንቀጽ ሲሠራበት የመጀመሪያው ነው። በአዘኔታ ፈርመው ሰጡኝ።

ደብዳቤዬን ይዤ በቀጥታ እትዬ አንጓች ዘንድ ሄድኩ። አነበብኩላት።

«ጎሽ» አለች። «ጫማህን ጠበቅ አድርገህ እሰር።»

በምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ከከተማዋ በላይ ወንዙ እስከሚታጠፍበት ድረስ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከመታጠፊያው ወዲያ ወረቀቱ ነጭ ነው፤ «ከዚህ በላይ አይመለከተንም» የሚል ተጽፎበታል። ያን መታጠፊያ በሦስት ሰዓት እርምጃ አለፍነው። ከመታጠፊያው ወዲያም ዛፍ፣ ድንጋይና ወፍ ነበር። እንደዚያ መሆኑ ለምን እንዳስገረመኝ አላውቅም።

እትዬ አንጓች መንገዱን ሁሉ ስትጠይቅ ነበር። ይህ ዛፍ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ አዘነበለ? ይህች ወፍ ጎጆዋን ለምን ቁልቁል አንጠለጠለች? መጀመሪያ ላይ ከእኔ መልስ የምትጠብቅ መስሎኝ አፈርኩ። «ምን አውቄ እትዬ» አልኳት።

«እኔም አላውቅም» አለች በደስታ፣ ጠጋ ብላም ጎጆውን አየች።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ንብ አናቢ ናቸው፤ ስማቸው አያ ቢምረው ይባላል። ቀፎዎቻቸውን ከታችኛው ዛፍ እያወረዱ ወደ ላይኛው ይሰቅላሉ። እትዬ አንጓች ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጠየቀቻቸው።

«አያ፣ ቀፎዎቹን ለምን ወደ ላይ ያወጧቸዋል?»

«ውሃው እየመጣብኝ ነዋ» አሉ። «ኑ ላሳያችሁ።»

ጉብታውን ተከትለናቸው ወጣን። ከፊት ለፊታችን የተራራው ግማሽ ጎን ተንዶ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ከናዳው ወዲያ ዓይን የማይጨርሰው ሐይቅ ተኝቷል። ትልልቅ ዛፎች ጫፋቸው ብቻ ከውሃው ወጥቶ ቁጥቋጦ ይመስሉ ነበር። ውሃው ዝም ብሏል።

«ይሄ መቼ ሆነ?» አልኩ።

«ማክሰኞ ነበር። ከተናደ ወር አለፈው።»

«ታዲያ አያ፣ ለምን ወርደው አልነገሩንም?»

አያ ቢምረው የተገረሙ ይመስላሉ። «ከአሥር ዓመት በፊት የንብ በሽታ ገብቶ ልጠይቅ ከተማችሁ ወርጄ ነበር። መልሱን ይዘህ ና ብለው መለሱኝ። የምትፈልጉትን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ ብዬ ተውኳችሁ። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ አንጓች ቁልቁል ወርዳ መቅዘፊያዋን ከውሃው ዳር ተከለች። ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመረች። ከቀትር እስከ ማምሻ ተቀምጠን ጠበቅን። ግማሽ ስንዝር ጨመረ። ከዚያ ከውሃው እስከ ናዳው ዝቅተኛ ቦታ ያለውን ለካች፤ አራት ስንዝር አይሞላም። ናዳው አፈርና ኮረት ነው። አፈር ላይ ውሃ መፍሰስ ከጀመረ ምን እንደሚሆን እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

«አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ፤ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

በጣቴ አሰላሁ። «ሁለት ቀን… አይሞላም።»

አያ ቢምረው ጎጆ አድረን ጎህ ሲቀድ ወረድን። ሽቅብ ሁለት ቀን የፈጀብንን መንገድ ቁልቁል በአንድ ቀን ጨረስነው። የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ተነቅሏል። መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስኩና ጥያቄውን ከነመልሱ ጽፌ፣ አያይዤ፣ አቶ ተድባበ ፊት አኖርኩ።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። «መልሱ ጥሩ ነው» አሉ። «ግልጽ ነው። ጽሑፍህም አምሯል።»

«ስለዚህ ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ይታወጅና ሰዉ ይውጣ።»

«አቶ ፈንታ፣ መልስ የሚታወጀው ጥያቄው ሲጸድቅ ነው። ጥያቄ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነው።»

«ውሃው ነገ ይመጣል እኮ።»

«ነገ ሐሙስ ነው» አሉኝ፣ ቀኑን እንደማያውቅ ሰው ቆጥረውኝ።

ወጥቼ ወደ ስንዱ ሮጥኩ። አልተከራከረችኝም። ፊቴን አየችና ልጇን አዝላ፣ ድስቷን ይዛ ወጣች። ሌላው ግን አልሰማኝም። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየሮጥኩ «ውሃ ይመጣል!» ብዬ ጮህኩ። «ማህተም አለው?» አሉኝ። አንዱ ሰውዬ መሬታቸውን ልነጥቅ የፈለግሁ መስሎት አካፋ አነሳብኝ።

ሐሙስ ሲነጋ እትዬ አንጓች ክንዴን ያዘች። «አንተ መልስ እየሰጠሃቸው ነው» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት መልስ ሲሰጣቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጠግበዋል። እኔ ልጠይቃቸው።»

በመጀመሪያው ቤት ደጃፍ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። «እህቴ፣ እንደው ውሃው የት የሄደ ይመስልሻል?» አለቻት።

«ጡረታ ወጥቶ ነዋ።»

«እሱማ ልክ ነው። ግን የት?»

ሴትየዋ እርጥብ ልብሱን እንደያዘች ዞራ ወደ ላይኛው ወገን አየች። እትዬ አንጓች ተሰናብታት ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። ከኋላችን ሴትየዋ ባሏን ስትጠራው ሰማሁ፤ «አንተ፣ ና እስቲ፤ ውሃው ግን የት ነው የሄደው?»

ከእኛ ይልቅ ጥያቄው ፈጠነ። አምስተኛው ቤት ስንደርስ ቀድሞን ገብቶ ነበር። ሚስማር የሚመታው መዶሻ በየቦታው ቆመ። ሰዎች ደጃቸው ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን ክብ ድንጋይ ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። «ውጡ» ያላቸው የለም። አንዱ ሰውዬ ፍየሉን ፈትቶ ወደ ዳርቻው መውጣት ጀመረ። «ወዴት ነው?» ሲባል «እንዲያው ከላይ ሆኜ ላስብበት» አለ። ሌሎቹም ከላይ ሆነው ሊያስቡበት ተከተሉት። አምስት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል።

አቶ ተድባበ ግን ከቢሯቸው አልወጡም። ልጠራቸው ተመልሼ ወረድኩ። ካባቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን መዝገቡ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ ከሩቅ ብዙ ጋሪ በድንጋይ ላይ እንደሚነዳ ያለ ድምፅ መጣ። አቶ ተድባበ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ሆነ።

«ፈንታ፣ ምንድን ነው ይሄ ድምፅ?»

እሳቸው መልሱን ሳይዙ ሲጠይቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ እንጃ ጌታዬ፤ ወጥተን እንየው» አልኳቸው። ልናየው ወጣን። ካየን በኋላ መሮጥ ብቻ ነበር። ዳርቻውን ስንወጣ እሳቸው እኔን ይጎትቱ እንደሆን ወይ እኔ እሳቸውን እጎትት እንደሆን አላውቅም። ካባቸው ቀርቷል።

ውሃው ብቻውን አልመጣም። ዛፍ፣ ጭቃና ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ነው የመጣው። መቶ ቤት ሲጠፋ ድምፁ ለየብቻ አይሰማም። ብዙ ሰው ከዳርቻው ላይ ቆሞ ያያል። የስንዱ ልጅ ብቻ አለቀሰ።

ጓዴ ቀደም ብሎ ከሰዉ ጋር ወጥቶ ነበር። መላጊያውንና መጋዙን ረስቶ ኖሮ ሊያመጣቸው ተመለሰ። እናኑ አየችው፤ እኛም አየነው። የመሣሪያ ሣጥኑን ታቅፎ ከበሩ ሲወጣ ነበር። እትዬ አንጓች ታንኳዋን ልትገፋ ሞከረች፤ አራት ሰዎች ሆነን ነው የያዝናት። አስከሬኑን በሦስተኛው ቀን ከከተማዋ በታች አገኘነው።

ቅዳሜ ምክር ቤቱ ተሰበሰበና ወንዙ ከጡረታ ወደ ሥራ ገበታው መመለሱን አስታወቀ። አቶ ተድባበ በስብሰባው አልተገኙም። ወንዝ ዳር ተቀምጠው አላፊውን ሁሉ ስለ ሥራው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ ዓሣ አጥማጁን እንዴት እንደሚያጠምድ፣ ሸማኔውን ድሩ ለምን እንደማይወሳሰብበት። ደንቡን የሻረው የለም። እኔ ግን ከዳርቻው ላይ ጠረጴዛ አኑሬ፣ ሰው የሚያመጣውን ጥያቄ መልስ ባይያያዝበትም መጻፍ ጀመርኩ። የማትናገረው ልጅ እናት ተመልሳ መጣች። ልጅቷ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ያለመናገሯን ነገር ሊያውቅ የሚችል ሰው በሌላ ከተማ እንዳለ ጠይቀን ደርሰንበት፣ ይዛት ሄደች።

የጓዴ አርባ ካለፈ በኋላ እናኑ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«ጥያቄ ነው?» አልኳት።

«አዎ። እትዬ አንጓች ከመምጣቷ በፊት፣ ውሃው የት ሄደ ብሎ የጠየቀህ ሌላ ሰው ነበር?»

አሮጌው መዝገብ ከነመስኮቱ በውሃ ሄዷል። በዚያ ላይ ያልተመዘገበ ጥያቄ ከመዝገብ አይገኝም። አልነበረም ብል የሚያስተባብለኝ የለም።

«ነበር» አልኳት። «አንድ ሰው። ወንዙ በደረቀ በማግስቱ ነው የመጣው። መልሱን ይዘህ ና ስለው እሺ ብሎ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።»

«ማን ነው?»

«ጓዴ ነው።»

እናኑ አላለቀሰችም። ከጠረጴዛው ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ሰበሰበች። ወንዙ ከበታቻችን ሞልቶ ይሄዳል፤ እትዬ አንጓች አንድ በግ ከነባለቤቱ ታሻግራለች።

«ለምን አልጻፍክለትም?» አለችኝ።

ደንቡን ከነአንቀጹ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሱን አልጠቀስኩላትም፤ ጥያቄዋን ጻፍኩት።

እስኪመሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ነገ ብመጣ ትነግረኛለህ?»

«ነይ» አልኳት።

በማግስቱ መጣች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች፤ ጥያቄዋ ያው ነው። እኔም በየቀኑ ቀኑን አስቀድሜ፣ ስሟን ጽፌ፣ አዲስ ገጽ ላይ አሰፍረዋለሁ።